ከአራት ቤት የመጣው አግዳሚ

አንድ ሰው ነበረ፤ መቀመጫ ግን አልነበረውም።

እቴ አስካለ፣ ሳቅሽ? አትሳቂ፤ መልስሽ እዚያው ውስጥ ነው። ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ላከኝ፣ መጣሁ። «ተቀመጥ» አልሽኝ፣ አልተቀመጥኩም፤ ዱላዬን ተደግፌ ቆሜያለሁ። አንቺም ባልሽን ከቀበርሽ አራት ዓመትሽ ነው። እሺም እምቢም ሳትይኝ አንድ ነገር ጠየቅሽኝ፦ «የሱ ሦስት ልጆች እናታቸውን ይመስላሉ፤ የኔ ሁለቱ አባታቸውን። ከሁለት የፈረሰ ቤት እንዴት ነው አንድ ቤት የሚወጣው?» አልሽ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያለኝ ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ወሬዬን ስሚ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። ቤቱ ወንዝ ዳር ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ መጣበት። ጎርፍ ስልሽ ተራ ጎርፍ እንዳይመስልሽ፤ በፊት በር ገብቶ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ የወደደውን መርጦ በጓሮ የወጣ ጎርፍ ነው። አልጋውን ወሰደ። ሦስቱን በርጩማ ወሰደ። የጭቃውን መደብ መሸከም ቢያቅተው እንደ ስኳር አሟሟው። ከቤቱ እንጨት የተረፈው ቆጥ ላይ የተሰቀለ የወይራ ማገዶ ብቻ ነበር፤ ውሃው እዚያ ድረስ አልደረሰም። ገበሬው፣ ሚስቱና ሴት ልጁ በሕይወት ወጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤታቸው ውስጥ ከግድግዳው ጋር አብረው ቆሙ። የሚበሉት ቆመው፣ የሚያወሩት ቆመው። ሚስቱ «አሁንስ እግሬ ሥር ሊሰድ ነው» ትል ጀመር።

በዚህ መሃል መልእክት መጣ። ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ወጣት ልጅቷን ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች። ሽማግሌዎች የፊታችን እሁድ ይመጣሉ ተባለ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ እንስራውን ወንዙ ዳር ረስታ፣ ባዶ ጀርባዋን እንደ ተሸከመ ሰው አጎንብሳ ተመለሰች። ገበሬው ደስ አለው። ቀጥሎ ቤቱን ዙሪያውን አየ፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት የለም።

ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። እሺ ከተባለለት ደግሞ በዚያ አገር መቀመጥ አለበት፤ ሳይቀመጥ ከሄደ ነገሩ አልታሰረም። መሬት ላይ እንዳያስቀምጣቸው የመሬት መቀመጫ የልቅሶ ነው። መደብ እንዳይሠራ የክረምት ጭቃ በአንድ ሳምንት አይደርቅም። እንግዲህ አባት ፈቅዷል፣ ልጅት ፈቅዳለች፣ ወጣቱ በፍቅር ሊሞት ነው፤ ለሠርጉ የጠፋው የሦስት ሽማግሌ መቀመጫ ነው!

«ከሀብታሙ ወንበር ተዋስ» አለችው ሚስቱ።

በመንደሩ አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ወንበር ያውሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ወንበሩን ተከትሎ ይመጣል። እንግዳው ሊቀመጥ ሲያጎነብስ «ቀስ!» ይላል። ወደ ኋላ ሲል «መደገፊያውን!» ይላል። እንግዳው ቢያስነጥስ እንኳ ወንበሩን ነው የሚያየው። አምና አንድ ቤት ውስጥ አንዱን ሽማግሌ ሰባት ጊዜ «ቀስ!» ቢለው፣ ሽማግሌው ብድግ ብሎ ጋቢውን አራግፎ ወጣ። የዚያች ቤት ልጅ እስከ ዛሬ አላገባችም።

«የሰው ወንበር ላይ ልጄን አልድርም» አለ ገበሬው።

«ታዲያ ምን ላይ ልትድራት ነው? አየር ላይ?»

«እሠራለሁ።»

«በምን እንጨት? በጢምህ?»

የሚቆርጠው ዛፍ የለ፣ ጣውላ የሚገዛበት ነገር የለ። ተናዶ ወጣና የሀብታሙን አጥር ተደግፎ ቆመ። እዚያ እንደ ቆመ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር አየ። ሀብታሙ የቆርቆሮ በር አስገጥሞ የጣለው የድሮ የግቢ በር ነው። አንድ ክንፉ ብቻውን ግመል ከነጭነቱ ያሳልፋል። ዶሮዎች ሰፍረውበት፣ እንጨቱ ከኩስ በታች የት እንዳለ አይታወቅም።

ገበሬው ግን ኩሱን አላየም። መቀመጫ አየ።

«ጌታዬ፣ ይህን በር ምን ያደርጉለታል?»

«እኔማ ምን አደርግለታለሁ፤ ዶሮ ያድርበታል።»

«ልውሰደው?»

«ውሰድ፣ ግቢዬ ይጠራልኝ። ዶሮዎቹን ግን መልስ።»

ተሸክሞት ሲሄድ በሩ ነው የሚራመደው እንጂ ሰው አይታይም ነበር። በመንገድ ጠላ ጠማቂዋን አገኘ። በሯ ላይ ቂጡ የተሰነጠቀ ትልቅ ሙቀጫ ተገልብጧል።

«እሜቴ፣ ሙቀጫው ምን ነካው?»

«ተወኝ እስቲ! ጌሾ ስወቅጥበት ግማሹን መሬት ይጠጣዋል። መሬቱ ሰክሮ ደጃፌ ላይ ሰው እየጣለ አስቸገረኝ። ውሰድልኝ!»

ወሰደ። ከዚያ ጎረቤቱን አራሽ ለመነ፤ እሱም እልኸኛ በሬው በአንድ ንቅናቄ የሰነጠቀውን ቀንበር ሰጠው። ከዚያ ማር ቆራጩ ዘንድ ሄደ። ማር ቆራጩ ከሰባት መወጣጫ አራት ብቻ የቀረው መሰላል ነበረው። «ሦስት ጊዜ ጥሎኛል፤ አራተኛው ላንተ ይሁን» ብሎ ሳቀና ሰጠው። ገበሬው ቤቱ ሲደርስ የአራት ቤት ስብራት ተሸክሞ እንደ ሙሽራ ይስቃል።

ሚስቱ አየችው። በሩን አየች። ሙቀጫውን አየች።

«ጎርፉ ያወጣልንን ቆሻሻ አንተ መልሰህ አስገባኸው?» አለች።

«ይህ አግዳሚ ነው» አለ።

«የቱ?»

«ገና ነው እንጂ፣ አግዳሚ ነው!»

ሥራው ሲጀመር ብታዪው! አፉን ከፍቶ ይሮጣል፤ መጋዙን ይዞ መጋዙን ይፈልጋል። በሩን ወንዝ አውርዶ በአሸዋ ድንጋይ ፈገፈገው። ከኩሱ ሥር ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ማር የመሰለ የዝግባ ሳንቃ! ገበሬው ብቻውን እልል አለ፤ ማዶ ያሉት ሠርጉ ተጀመረ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሳንቃው መቀመጫ ሆነ። ሙቀጫውን ገልብጦ በአንድ ጫፍ ሥር አቆመው። ቀንበሩን ለሁለት ቆርጦ በሌላው ጫፍ ሁለት እግር አደረገው። መሰላሉን በጎኑ አጋድሞ መደገፊያ አደረገው።

መጀመሪያ በጠፍር አሰረው። ድመቲቱ ዘልላ ብትወጣበት አራቱም በአራት አቅጣጫ ሄዱ፤ ድመቲቱ እስከ ማግሰኞ አልተመለሰችም። እንደገና አቆመው። አሁን ደግሞ የሙቀጫው ጫፍ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ሚስቱ በላይኛው ጫፍ ብትቀመጥ ተንሸራታ በታችኛው ወጣች፣ ወጥታም በደጅ በኩል ጎረቤት ደረሰች። ሰላምታ ሰጥታ ተመለሰች። «ሽማግሌዎቹ መቀመጥ ነው ወይስ መሄድ የሚፈልጉት?» አለችው። ሐሙስ ሆኗል። ልጅቷ ጥግ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ገበሬው የልጅቷን ፊት አየና ጠፍሩን ፈታው። ሚስማር የለውም።

ቀና ሲል ቆጡ ላይ ያለውን የወይራ ማገዶ አየ።

«እሱን እንዳትነካ፣ የምጋግርበት ነው!» አለች ሚስቱ። ሳትጨርስ አውርዶታል። ወይራውን ጠርቦ እንደ ጣት አሾለው፤ ሃያ አራት ችንካር ወጣው። የሙቀጫውን ቁመት ከቀንበሩ ጋር አስተካክሎ ቆረጠ። በጋለ ብረት እንጨቶቹን ከአንዱ እስከ ሌላው በስቶ፣ ችንካሩን በመዶሻ ነረተው። አንዱ ችንካር ሳንቃውን አልፎ ሙቀጫው ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ሳንቃውን አልፎ ቀንበሩ ውስጥ፤ ሌላው መሰላሉን ይዞ ሳንቃው ውስጥ። ከዚያ ውሃ አጠጣቸው። ደረቅ ወይራ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ እንኳን ሰው ጋኔን አይነቅለውም። ጫፋቸውን ከእንጨቱ እኩል ቆረጠ። ከእንግዲህ ማንም አያያቸውም።

በመጨረሻ በኑግ ቅባት ወለወለው። ሚስቱ ዙሪያውን ስትዞር ቆየችና «ሙቀጫው አሁንም ጌሾ ጌሾ ይሸታል። መሰላሉ ላይ የማር ሙጫ አለ፣ ንብ እየጠራ ነው። ይህ ቀንበርም የበሬ አንገት ያለሰለሰው ጎድጓዳ ቦታ አለው። ላገው እንጂ» አለች።

ገበሬው ጎድጓዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። «ይህን ለማለስለስ በሬው አሥር ዓመት ፈጅቶበታል፤ እኔ በአንድ ቀን አላጠፋውም» አለና ተወው።

ከዚያ ላዩ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። አግዳሚው አልተነቃነቀም። ሚስቱን አወጣት፤ ልጅቷም ወጣች። ሦስቱ ሲዘሉበት መሬቱ ይጮሃል እንጂ እሱ ዝም ብሏል። የጎረቤቱ በሬም ሊሞክረው ፈልጎ ነበር፤ የቤቱ በር ጠበበበት።

እሁድ ደረሰ። ገበሬው በኛ ወገን ቁሙልኝ ብሎ እነዚያኑ አራቱን ጠራቸው፤ ሀብታሙን፣ ጠላ ጠማቂዋን፣ ጎረቤቱን አራሽና ማር ቆራጩን። አግዳሚው ላይ ነጭ ጋቢ ስለ ነበረ ምንነቱን አላዩም። ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ቁመቱ የምሰሶ ነው፣ ጢሙ እስከ ቀበቶው። ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ቤቶች! ለጉዳይ መጥተናል» አለ መሪው።

ያን ጊዜ የልጅት አባት ምን ማለት እንዳለበት አንቺም ታውቂያለሽ። «ዘመድ ላማክር፤ በሌላ ቀን ተመለሱ» ብሎ ሁለት ሦስቴ ያመላልሳል። ደንቡ ነው፤ ልጅን ያስከብራል። ገበሬው ግን ሳምንቱን በሙሉ ያለመው ሲቀመጡለት ማየት ነው። አፉ ቀደመው።

«ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ!»

ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ ሳል ያዛት።

«ገና የልጁን ስም አልነገርንህም» አለ መሪው።

«ስሙንም ሰጥቻለሁ! ተቀመጡ ብቻ!» አለና ጋቢውን ገፈፈው።

አግዳሚው አበራ። የኑግ ቅባቱ የመስኮቱን ፀሐይ ተቀብሎ ቤቱን ወርቅ አስመሰለው። መሪው ሽማግሌ ዱላውን ረስቶ «ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ መቀመጫ እንኳን በዚህ መንደር፣ በወንዙ ማዶም አላየሁም። ከየት መጣ?» አለ።

ያች ምስጋና ናት ነገሩን ያበላሸችው። ሀብታሙ ጠጋ ብሎ ሳንቃውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይህ የኔ በር ነው!»

ማር ቆራጩም አየ። «መሰላሌን! አንተ ሰው መሰላሌን አጋድመኸው!»

«ቀንበሬ!» አለ አራሹ። «ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ይደረጋል? ለሁለት ቆርጦ!»

ጠላ ጠማቂዋ ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ሙቀጫዬ ናት። ተገልብጣ እንኳ ትጠራኛለች» አለች።

«ሰጥታችሁኝ አይደለም ወይ?» አለ ገበሬው።

«የሰጠሁህ የዶሮ ማደሪያ ነው» አለ ሀብታሙ። «ይህ ሌላ ነው። በሩን ልውሰድ፤ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አስመጣለሁ፤ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ።»

ገበሬው የአምናዋ ልጅ ትዝ አለችው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። እሺ ተብለዋል፣ አልተቀመጡም። አንደኛው ዱላውን ወደ ብብቱ ሰበሰበ፤ መሄጃው ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የልጅቷ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማ። አራቱ ጎረቤቶች በአራት በኩል ይዘው መጎተት ጀምረዋል፤ አግዳሚው እንደ በሬ ቆሟል።

ገበሬው ጓዳ ገባ፤ መጥረቢያውን አምጥቶ ለሀብታሙ በእጁ ሰጠው።

«ይውሰዱ፣ ጌታዬ። በሩ የርስዎ ነው። የሌላውን ግን እንዳይነኩ፤ እነሱም ባለቤት አላቸው።»

ሀብታሙ መጥረቢያውን አነሣ። ከሙቀጫው በኩል ሊጀምር ሲል ጠላ ጠማቂዋ ፊቱ ተገተረች። «ሙቀጫዬን ብትፈነክት እፈነክትሃለሁ!» ወደ ቀንበሩ ዞረ፤ ችንካሩ ሳንቃውን አልፎ ቀንበሩ ሆድ ውስጥ ገብቷል። «ንካትና እንተያያለን!» አለ አራሹ። ወደ መሰላሉ ዞረ፤ ማር ቆራጩ አቅፎት ተኝቷል። ሀብታሙ መጥረቢያውን ለአራሹ ሰጠ። አራሹ ቀንበሩን ሊያወጣ ሲል ሀብታሙ «ሳንቃዬን!» ብሎ ጮኸ። መጥረቢያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንድም ጊዜ አልወረደም። ለካ ሊያፈርሰው የተነሣ ሁሉ ዘበኛው ሆኗል!

በመጨረሻ ጠላ ጠማቂዋ ሳቋ አመለጣት። «እኔ እንግዲህ ሙቀጫዬ የት እንዳለች አውቃለሁ» አለችና ከሙቀጫው በላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አራሹ ይህን አይቶ ከቀንበሩ በላይ ተቀመጠ። ማር ቆራጩ መሰላሉን ተደግፎ ተቀመጠ። ሀብታሙ ብቻውን ቀረ፤ ሳንቃው ከዳር እስከ ዳር የሱ ነውና የት ልጠብቅ ብሎ ግራ ገባው። መሃል ላይ ተቀመጠ።

መሪው ሽማግሌ ጢሙን ዳሰሰ።

«ቅድም የቆምነው ጉዳያችን እስኪሰማ ነበር» አለ። «አሁን የቆምነው ግን ቦታ ስለሌለ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሚስቲቱ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «ጠጋ በሉ እንጂ!» አለች። ጠጋ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ገባ፤ ሁለተኛው ገባ። መሪው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እንጨቱ «ሲጥ» አለ። ሁሉም ወደ ሀብታሙ ዞረው «ቀስ!» እስኪል ጠበቁ። ሀብታሙ አፉን ከፈተ፤ የትኛውን እግር፣ የማንን እንጨት ብሎ ቀስ እንደሚል አጣና ዘጋው። ሲጥ ያለው ችንካሩ ሲጠብቅ ነበር።

ሰባት ሰው ተቀመጠ። ልጅቷ ተሰጠች። ነገሩ ታሰረ!

መሪው ሽማግሌ በመጨረሻ ገበሬውን ቀና ብሎ አየው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «በሩ የሀብታሙ ነው። ቀንበሩ የጎረቤትህ ነው። ሙቀጫው የሴትዮዋ፣ መሰላሉ የዚህ ሰው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያንተ የቱ ነው?»

ገበሬው አግዳሚውን ከጫፍ ጫፍ አየ። የሱ የሆነ ነገር በዓይን አይታይም።

«ችንካሩ የኔ ነው» አለ።

እቴ አስካለ፣ ያ አግዳሚ የጠየቅሽኝ ቤት ነው። የሱ ልጆች እናታቸውን ይመስላሉ ብለሻል፤ ይምሰሉ፤ ሙቀጫው ጌሾ መሽተቱን አልተወም። ያንቺዎቹ የአባታቸውን ስም ይጠራሉ፤ ይጥሩ፤ በሬው በአሥር ዓመት ያለሰለሰውን ማንም አይላገው። ነገ ሲያምርባቸው ደግሞ የሟች እህት ትመጣለች፣ የሟች ወንድም ይመጣል፤ «ይህኛው የኛ ነው» ብለው ይጎትታሉ። አትጣዪ። ከያዝሻቸው ጎትተው ሲደክማቸው እዚያው ይቀመጣሉ። አንቺና ሰውየው ግን እኔ በሩ ነኝ፣ እኔ መሰላሉ ነኝ አትበሉ፤ ችንካሩን ሁኑ። አልደብቅሽም፤ ችንካር አይታይም፣ ምስጋናም የለውም፤ መዶሻ ብቻ ነው የሚበላው። ሁሉም የሚቀመጠው ግን በሱ ነው።

እንግዲህ ወሬዬን ጨረስኩ፤ የተላክሁበትንም ተናገርኩ። እሺ ካልሽ ጠጋ በይልኝ፣ ልቀመጥ። እምቢ ካልሽም ዱላዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ አልቀየምሽም። ብቻ ቶሎ በይ፤ የኔ ጉልበት እንደዚያ መሰላል ነው፣ ከሰባቱ አራቱ ብቻ ናቸው የቀሩኝ።